የአኩራፊዎች ቤት

ለዚያ ቤት ይህን ስም የሰጠችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቤቱ ታፔላ የለው፣ ምልክት የለው፣ የበር ደወል እንኳ የለው። ስም የሌለው ነገር ደግሞ የሰፈር አፍ ሲሳይ ነው። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ «እዚህ ከጀርባሽ ያለው ግቢ ምንድን ነው የሚሠራበት?» ቢላት፣ መርፌውን ከከንፈሯ ሳታወጣ «የአኩራፊዎች ቤት ነዋ! ባሏ ‹ውሃ ስጪኝ› ያላት ሁሉ አኩርፋ የምትመጣበት» አለችው። ደንበኛው ከት ብሎ ሳቀ፣ ሄዶም አወራ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በሙሉ የአኩራፊዎች ቤት ይለው ጀመር። እሷንም «መቀስ» የሚሏት ያለ ነገር አልነበረም። ከጨርቅ ላይ ከምትቆርጠው ከሰው ላይ የምትቆርጠው ይበልጣል። ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው የሚሏት፤ መቀስ ፊት ቆሞ መቀስ የሚል ደፋር እስካሁን አልተገኘም።

ያን ቤት ስትጠላው የዛሬ ጥላቻ አይደለም። ከሱቋ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ይዋሰናሉ። መጀመሪያ ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ ነበር፤ ጥቂት ሴቶች ከነልጆቻቸው በተውሶ ፍራሽ ላይ ተደራርበው ያድሩበት ነበር። መቀስ «ዛሬ ነገ ይዘጋል» እያለች ስትጠብቅ ቤቱ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። የጎኑ ቤት ተጨመረ። ፎቅ ተነሣ። ጠበቃ ትመላለስ ጀመር፣ ነርስ መጣች፣ ለልጆቹ መማሪያ ክፍል ተከፈተ፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የምትቀመጥ መኮንን ተመደበች። ከሁሉም የባሰው ሌት ተቀን የሚነሣው ነጻ ስልክ ነው፤ ቁጥሩን በአውቶቡስ ጎን ላይ ከዳር እስከ ዳር ጻፉት። አውቶቡሱ በሱቋ ፊት ባለፈ ቁጥር መቀስ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነብና «ደውሉ! ደውሉና ቤታችሁን አፍርሱ!» ትላለች። እንዲህ ስታንጓጥጥ ሳታስበው በቃሏ ያዘችው።

ፎቁ እንዳይሠራ ከሰፈሩ ሰው ፊርማ ያሰባሰበችውም እሷ ናት። «የሰው ባል በየቀኑ እዚህ በር ላይ እየመጣ ሲያቅራራ ልጆቻችን ምን ሊማሩ ነው?» ብላ ፀጉር አስተካካዩን፣ ባለሱቋን፣ ጡረተኛውን፣ አንድ ሰው ሳይቀራት አስፈረመች። ፊርማው የት እንደ ገባ አይታወቅም፣ ፎቁ ግን አለቀ። ፎቁ አልቆ ትልቅ የብረት በር ያስፈልጋል ሲባል መቀስ ፊርማዋን እርግፍ አድርጋ ረሳችና የዚያን ጊዜዋን ኃላፊ መንገድ ላይ አስቁማ «በያጅ ከፈለጋችሁ ልጄ አለ፤ እጁ ወርቅ ነው» አለቻት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ መቀስ ግን በጮኸችበትም መብላት ትችልበታለች። በሩን ልጇ ሠራው።

ልጇ አንድ ነው። ከከተማው ሌላ ጫፍ የራሱ የብየዳ ሱቅ አለው። እጁ በእርግጥም ወርቅ ነበር፤ ያ ወርቅ እጅ ግን ማታ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሥራ ይሠራል። መቀስ ይህን አታውቅም ነበር ማለት ውሸት ነው። ምራቷ የተቀደደ ልብስ በፌስታል ጠቅልላ ታመጣለች፣ መቀስ ትሰፋላታለች። ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀዳዳ ያነባል። ምስማር የያዘው ጨርቅና እጅ የጎተተው ጨርቅ አንድ አይደሉም፤ ምስማር በያዘበት ቦታ ይበጥሳል፣ እጅ ግን ስፌቱን ተርትሮ ጨርቁን ከትከሻው ጀምሮ ይለጥጠዋል። ምራቷ «በር ይዞብኝ ነው» ትላለች። መቀስም «ክፉ በር ነው ያላችሁ» ትላታለች፤ ከዚያ እጅጌውን ገልብጣ በላይ በላዩ ደራርባ ታጠነክረዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ስፌቱ ቻለና ጨርቁ ራሱ ተቀደደ።

አንድ ቀን ምራቷ ልብሱን ካስረከበች በኋላ አልሄደችም። ከማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሉልኝ። እርስዎን ይፈራል» አለች። መቀስ ፔዳሉን አላቆመችም። «እኔም ቀምሼዋለሁ ልጄ። ወደ እናቴ ሄጄ እናቴ በመጣሁበት መንገድ መለሰችኝ። ቻልኩት። ቻይው፣ ያልፋል» አለቻት። ያለፈላት ባሏ ሲሞት ነው። ምራቷም ይህን ታውቅ ነበርና ተነሣች፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰፋ ልብስ አላመጣችም።

ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ጠፋች። ፌንጣን ይዛ ነው የጠፋችው። ፌንጣ የመቀስ የልጅ ልጅ ናት፤ እግር ካወጣች ጀምሮ እንደ ሰው ተራምዳ አታውቅም፣ ዘልላ ነው የምትሄደው። መቀስ በዚህ ምድር ላይ ያለ ሽሙጥ የምታናግረው ሰው ቢኖር ይህችን ልጅ ብቻ ነው። ከደንበኛ ጨርቅ ጥግ ጥጉን እያስተረፈች ቀሚስ ትሰፋላታለች፣ እየዘለለች ቅምቅማቱን ስታፈርሰው ደግማ ትሰፋላታለች፤ አንድም ቀን ተቆጥታት አታውቅም።

በያጁ ሚስቱን ከወላጆቿ ቤት ፈለገ። ከእህቷ ዘንድ ፈለገ። ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ተገትሮ ዋለ። የለችም። መቀስም በመጣ በሄደው ደንበኛ ፊት ምራቷን ከእግር እስከ ራሷ ስትዘለዝላት ሰነበተች፤ «የኔን ልጅ አቃጥላ፣ የኔን ሕፃን ሰርቃ» እያለች።

አንድ ጠዋት የሸሚዝ ኮሌታ ስትተኩስ ከግድግዳው ባሻገር የልጆች ጫጫታ ሰማች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአኩራፊዎች ቤት ልጆች ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፣ እሷም «ራሴን በጠበጣችሁት!» እያለች ግድግዳውን በጫማ ትደበድባለች። ያን ቀን ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ እየዘለለች «ሰኞ! ማክሰኞ! ሮብ! ዓርብ!» አለች።

«ሐሙስን ዘለልሽ! ተቃጥለሻል!» ብለው ጮኹባት ሌሎቹ።

«እኔ ሐሙስን አልወደውም!»

መቀስ ካውያውን ኮሌታው ላይ እንዳስቀመጠችው ቀረች። ሐሙስን የማትወድ ልጅ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ ፌንጣ። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር፤ «ተገኘሽልኝ!» ብላ ግድግዳውን ልታቅፈው ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ንዴቱ ደረሰ። ከአገሩ በር ሁሉ የኔን ጓሮ! በኔው ጆሮ ሥር! ኮሌታው ጨሰ፣ ሸሚዙ ተበላሸ፣ ያም በምራቷ ላይ ተቆጠረ።

በኋላ እንደ ተሰማው ምራቷ ይህን ያደረገችው አስባበት ነው። የቤቱ ሰዎች የመቀስን ጎረቤትነት ሲሰሙ «እዚህ አይሆንም፣ ሌላ ቦታ እንውሰድሽ» ብለዋት ነበር። ሌሎቹ መጠለያዎች ሞልተዋል፤ በሌላ ከተማ የተሠራው አዲስ ቤት የሚከፈተው ደግሞ ሰኞ ነው። እሷም «እስከ ሰኞ እዚሁ ልሁን፤ ሰው የጠፋበትን መርፌ ከገዛ ኮሌታው ላይ አይፈልግም» አለቻቸው። ብልህ ሴት ናት፣ አባባሉንም ከአማቷ ነው የሰማችው። አንድ ነገር ብቻ ማንም አልነገራትም፤ በሩን ማን እንደ ሠራው። ኃላፊዋም አዲስ ስለሆነች አታውቅም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በያጁ እናቱ ሱቅ መጣ። ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል። ሰላም እንኳ ሳይል «አንቺ ነሽ ያበላሸሻት። ልብሷን እየሰፋሽ፣ እያባበልሽ። የት እንዳለችም ታውቂያለሽ፣ ደብቀሽኝ ነው» አላት።

መቀስ ሰው ትወቅሳለች እንጂ በሰው ፊት መወቀስ አልለመደችም። ደሟ ፈላ። «እኔ ነኝ የምደብቃት? አንተ አፍንጫህ ሥር ማየት ሲያቅትህ እኔ ምን ላድርግህ! ይኸውልህ፣ ከግድግዳው ወዲያ ልጅህን ሰኞ ማክሰኞ እያጫወተችልህ ነው! ሂድና ቁጠር!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉ ገና አየር ላይ እያለ መልሳ ልትውጠው ፈለገች። ልጇ ግን አልጮኸም። ወጣ ብሎ ወደ ብረቱ በር ቆሞ አየ፣ ተመልሶ መጣ፣ ደንበኞቹ እስኪሄዱ ጠበቀ፣ ከዚያም ፈገግ አለ።

«ይሄን በር እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እማ።»

«እና?»

«ቁልፉ ሳይመጣ ከውጭ እየከፈትን እንድንገባ ከመቀርቀሪያው አጠገብ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀድጄ ነበር። ሁሉም በያጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቁልፉ ሲመጣ ላሜራ ለጥፌ ደፈንኩት። ዙሪያውን መበየድ ነበረብኝ፣ ቸኩዬ ሁለት ቦታ ላይ ነካ ነካ አደረግኩትና ቀለም ቀባሁት። ቀለም የማይሸፍነው ጥፋት የለም።» ሳቀ። «አንድ መሮ፣ አንድ መዶሻ። አንዴ ብመታው ይወድቃል።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልጄን ልወስድ ነዋ።»

«እሷንስ?»

«እሷን…» አለና የቀኝ መዳፉን ገልበጥ አድርጎ አየው። አልጨረሰውም። ከማዶው ሻይ ቤት ያስመጣውን ሻይ ረጋ ብሎ እስከ አተላው ጠጣ፤ «ነገ ትልቅ ኳስ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ይፈጣል» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠና ሄደ።

መቀስ ባዶውን ብርጭቆ አየችው። ልጇ ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ጠረጴዛ ቢገለብጥ ይሻላት ነበር። አባቱ ክንዷን የሰበረ ዕለት እንደዚሁ ነበር፤ አልጮኸም። ሻዩን ጨርሶ ነው የተነሣው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ ሱቋን ሳትከፍት የብረቱን በር በመዳፏ ደበደበችው። በበሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተችና የዘበኛዋ ዓይን ብቅ አለ። ይህችን ዘበኛ ሰፈሩ «ጀነራል» ይላታል፤ ድሮ ወታደር ነበረች ይባላል፣ ጠይቆ ያረጋገጠ ግን የለም።

«ምን ፈለጉ?»

«ኃላፊሽን ጥሪልኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለጉዳይ!»

«እዚህ ጉዳይ ያለው ሰው በስልክ ነው የሚመጣው፣ እትዬ።»

መስኮቷ ልትዘጋ ስትል መቀስ እጇን ሰነቀረች። «በራችሁ ደካማ ነው!»

ጀነራል ከልቧ ሳቀች። በሩን ከውስጥ በጡጫ ነረተችው፣ ብረቱ ጓ አለ። «ይሄ ነው ደካማ? ታንክ ይዘው ይምጡ!»

ጫጫታውን ሰምታ ኃላፊዋ መጣች። ከመቀስ ልጅ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት፤ ይህ አለመጮኋ ራሱ መቀስን ያበሳጫታል። «እንደምን አደሩ እትዬ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ምራቴ እዚህ ናት።»

«እዚህ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ለማንም አንናገርም።»

«እኔ ማንም ነኝ? የልጅ ልጄን ድምፅ ሰምቻለሁ!»

«አልሰሙም።»

«የኔን ጆሮ ለኔ ልትነግሪኝ ነው? አንቺ ትናንት የተወለድሽ!»

ኃላፊዋ በመስኮቷ በኩል አየቻት። «እትዬ፣ ፊርማ ያሰባሰቡብን እርስዎ አይደሉም? ባለፈው ከዚህ የወጣችውን ሴት ‹ኩርፊያሽ በረደልሽ ወይ?› ብለው መንገድ ላይ ያስለቀሷት እርስዎ አይደሉም? ልጆቹ በተጫወቱ ቁጥር ግድግዳ የሚደበድቡትስ? ዛሬ በራችን አሳሰብዎት። ማን ነው የላከዎት?»

መልስ ያጣ ሰው ይጮኻል፤ መቀስም ጮኸች። ግን ከአፏ የወጣው ልትለው ያሰበችው አልነበረም። «እኔ ስደበደብ የት ነበራችሁ? ክንዴ ተሰብሮ ይሄን መንገድ ስሄድ የት ነበረ በራችሁ?»

«ያኔ አልተወለድኩም፣ እትዬ» አለች ኃላፊዋ። ማላገጧ አልነበረም።

ይህ ነው ነገሩ። መቀስ ለራሷም ነግራው አታውቅም እንጂ ያን ቤት የምትጠላው በሰው ባል አስባ አይደለም። ቀንታ ነው። በር ስታንኳኳ ፍራሽ የሚነጠፍላት፣ ጠበቃ የሚቆምላት፣ «ምን ሆንሽ?» የምትባል ሴት ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርር ነበር። እሷ የቻለችውን እነዚህ ለምን አይችሉትም? ቢችሉት ኖሮ የእሷም መቻል ዋጋ ይኖረው ነበር።

ኃላፊዋ ወደ መስኮቷ ጠጋ አለች። «ይስሙኝ። በሩን ሊሰብር የሚመጣ ሰው ካለ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ። ስሙን ብቻ። አሁኑኑ በሩን ከፍቼ አስገባዎታለሁ።»

መቀስ አፏን ከፈተች። ለሰው ሁሉ ቃል የማያጥራት ሴት፣ ያችን አንዲት ቃል ማውጣት አቃታት። ልጄ ብትል ልጇን በገዛ እጇ ወህኒ ማስገባቷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ… እሷም እንደ ልጇ ዓረፍተ ነገሩን ልትጨርሰው አልደፈረችም።

«ክፉ ሰው አይጠፋም» አለች በመጨረሻ።

«ይሄንንማ እናውቃለን» አለች ኃላፊዋ። መስኮቷ ተዘጋች። ኃላፊዋ ወዲያው ፖሊስ ጣቢያ ደውላ ነበር፤ «ማን ነው? ስም አለሽ?» ሲሏት ግን የላትም።

በያጁ ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ደረሰ። የዕቃ ቦርሳውን አግዳሚ ወንበሩ ሥር ሲያስቀምጠው ውስጡ ያለው ብረት ተንኳኳ። መንገዱ ገና ሰው አልጠፋበትም፤ ባለሱቋ መስኮቷን እየዘጋች ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎታል። መቀስ ምግብ አቀረበችለት። «ብላ። ከዚያ ወደ ቤትህ ግባ። ለእናትህ ስትል» አለችው። በላ። እጁን ታጥቦ በእሷው ጨርቅ አደረቀና የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ።

መቀስ በዚህ ጊዜ ነው የተነሣችው። «ያን ልብስ ልስቀለው» ብላ ደንበኛ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ኋላ ገባች። ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች። ጣቶቿ ቁጥሩን ከእሷ ይልቅ ያውቁታል። ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ወጣት ድምፅ «ሰላም፣ ደህንነትዎ አሁን የተጠበቀ ነው?» አለቻት። ማንም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«ስለ እኔ አይደለም» አለች በሹክሹክታ። «ከጀርባዬ ያለው ቤታችሁ… በሩን ሊሰብሩት ነው። መቀርቀሪያው አጠገብ ያለው ላሜራ ደካማ ነው። አሁን ነው፣ ኳሱ ሲጀመር። ሚስቱ ውስጥ ናት። ሕፃን አለች።»

«ገብቶኛል፣ እየደወልኩላቸው ነው። ከእኔ ጋር ይቆዩ። ሰውየውን ያውቁታል?»

ከሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ አጓራ፤ ኳሱ ተጀመረ።

«እትዬ? ስሙን ይንገሩኝ። ስም ካለኝ መኪናው አሁኑኑ ይነሣል።»

«እማ?» አለ በያጁ ከመጋረጃው ወዲያ። «ማንን ነው የምታናግሪው?»

መጋረጃው ተከፈተ። መዶሻው በእጁ ነው። መቀስ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም። ሹክሹክታውንም ተወችው። የልጇን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ጮክ ብላ፣ ዓይኑን እያየች ተናገረች።

«ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

«ልጄ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።»

በያጁ ገረጣ። «እኔን?» አላት። ሕፃን ሳለ ሲወድቅ እንዲህ ነበር የሚያያት።

«አንተን» አለች።

ይመታኛል ብላ ትከሻዋን አጠበበች፤ የቆየ ልማድ ነው፣ ሰውነት አይረሳም። አልመታትም። ስልኩን ነጥቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው፣ የስፌት መኪናዋን በእግሩ ገፍቶ ገለበጠው፣ መሮውን ይዞ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መዶሻ የያዘውን እጅ አየ፣ ከዚያ ገባና ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረ። ላሜራው በያጁ እንዳለው በአንድ ምት ወደቀ። እጁን አስገብቶ መቀርቀሪያውን ሳበው፣ በሩ ወለል አለ።

ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። ስልኩ ቀድሞ ደርሶ ሴቶቹና ልጆቹ ሁሉ ላይኛው ፎቅ ተዘግቶባቸዋል፤ የደረጃውን ፍርግርግ ጀነራል ከውስጥ ቆልፋ ዱላ ይዛ ቆማለች። ፍርግርጉን ሌላ ሰው ነው የበየደው፣ ዙሪያውን በደንብ ነው የበየደው። ደበደበው፣ ነቀነቀው፣ የሚስቱን ስም እየጠራ ጮኸ። የፖሊስ መኪናው ሲደርስ ገና ይጮህ ነበር። ሲያወጡት በእናቱ ሱቅ ፊት አለፈ። «እናት የለኝም!» አላት፤ ሰፈሩም ኳሱን ትቶ ወጥቶ ነበርና ሁሉም ሰማ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ የሚያወራው አላጣም። ባለሱቋ በማግስቱ ዳቦ ስትሸጥላት ፊቷን አዙራ ነው። ፀጉር አስተካካዩ «አውሬ እንኳ የወለደውን አይሰጥም» ሲል ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ጡረተኛው ለቅምቅማት የሰጣትን ሱሪ ሳይሰፋ መልሺልኝ አላት። መቀስ ሱሪውን አጥፋ መለሰችለት። ልጇ በሲሚንቶ ወለል ላይ እንዳደረ እያሰበች አለቀሰች፤ ደግሞ ይህንኑ ልጅ ረገመችው።

ሰኞ ጠዋት ነጭ መኪና ከብረቱ በር አጠገብ ቆመ። ኃላፊዋ ወጣች፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፤ ከኋላዋ ምራቷ ሻንጣ ይዛ፣ ፌንጣ ደግሞ ያው እየዘለለች። መቀስ ሱቋ በር ላይ ቆማለች። መኪናው ውስጥ ሊገቡ ነው ብላ ስትጠብቅ ምራቷ ለኃላፊዋ አንድ ነገር ነገረቻት፤ መኪናውን አልፈውም ወደ እሷ መጡ።

«እማማ!» ብላ ፌንጣ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። መቀስ ትንሿን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ትኩስ ነበረች።

ምራቷ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። «እርስዎ ነዎት አሉ የደወሉት።»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅዎን…» አለችና አቃታት። ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። «ይህን መቼም አልረሳልዎትም እማዬ። እዚያ ስንደላደል ፌንጣን አስደውልልዎታለሁ። ከተፈቀደልኝም መጥተው ያዩዋታል። ያለ እርስዎ አያት የላትም።»

መቀስ ራሷን ነቀነቀች። ልጇን አጥታለች፣ ሰፈሩን አጥታለች፤ ይህች እጅ ከቀረችላት ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። ምራቷ ሻንጣዋን አነሣች፣ ልትሄድ ብላ ቆመች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «እዚህ እንዳለሁ ማን ነገረው?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ በጥላቻ እያያቸው ነው፤ የዚያ ሰው አፍ ክዳን እንደሌለው አገር ያውቃል። «እሱ» ብትል ማንም አይጠራጠርም። ባለሱቋም አለች። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። ፌንጣ በአያቷ እጅ ላይ ተንጠልጥላ በአንድ እግሯ ትዘልላለች።

ምራቷ እየጠበቀች ነው። በሁለቱ መካከል ስንት ዓመት «በር ይዞብኝ ነው» ሲባል፣ «ክፉ በር ነው» ሲባል ኖሯል። መቀስ ያን ጨዋታ ደከማት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ተናድጄ ነው። እኔ ነኝ የነገርኩት።»

ምራቷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። መሐረቡን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ጎንበስ አለችና የልጇን እጅ ከመቀስ እጅ ውስጥ ጣት በጣት እያላቀቀች አወጣችው።